ለየሺ ሠርግ የቀረጽኩት ዱባ

ጌጡዬ፣

ደብዳቤ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ተብሎ ነው የሚጀመረው፤ በመሠረተ ትምህርት እንደዚያ ነው ያስተማሩኝ። የአንተን ጤና ብጠይቅ ግን ማን ሊመልስልኝ ነው? ስለዚህ ሰላምታውን ዘልዬ በቀጥታ ልቆጣህ ነው። ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። አርባህን አውጥቻለሁ፣ ሙት ዓመትህንም እንደ አቅሜ ዘክሬያለሁ፤ በዚህ በኩል ያማኝ ጎረቤት የለም። ለቅሶውንም አልቅሼ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ንዴቱ ነው።

የሞትከው ቃልህን ሳትፈጽም ነው። ልጃችንን «ለሠርግሽ ቀን ፊትሽ የሚቆመውን ዱባ የምቀርጸው እኔ ነኝ» እያልክ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታስጎመጃት ኖርክ። የሺ አድጋ፣ ተምራ፣ ሞጣ ተመድባ አስተማሪ ሆና፣ የሥራ ባልደረባዋን ልታገባ ቀን ሲቆረጥ አንተ የለህም። ቃልህ ግን እቤት ቀረ። ቃል ደግሞ እንደ ጋቢህ አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ የምከተው ነገር አይደለም።

ቤቱ ደህና ነው። ክረምት ላይ በማእዘኑ በኩል ማፍሰስ ጀምሮ ሰው ለምኜ አስጠገንኩት። ጓሮው ግን የሚቆጣው አጥቶ ብሶበታል፤ ዱባህ አጥር ዘሎ ጎረቤት ግቢ ወልዶ «የኔ ነው፣ የእርስዎ ነው» ስንባባል ከረምን። ቢላህ ያስቀመጥክበት ነው። በርጩማህም ከበሩ ጀርባ ናት። እስከ ኅዳር ድረስ ማንም አልተቀመጠባትም፤ እኔም ጭምር።

አንተ የምትሠራውን ሥራ ለሰው ማስረዳት እስካሁን አልቻልኩም። የሰው ባል ኮሪያ ዘምቶ ሜዳሊያ ይዞ ሲመለስ የኔው ዱባ መቅረጽ ተምሮ መጣ ብል ማን ያምነኛል? አንተ ግን ስታወራው አፍህ ላይ ይጣፍጥ ነበር። የጦሩ ወጥ ቤት ሆነህ፣ ጎናችሁ ከሰፈሩት የታይላንድ ወታደሮች መካከል አንድ ወጥ ቤት ወዳጅ አፍርተህ፣ ቋንቋ ሳትግባቡ በእጅ ብቻ ተማማራችሁ። በነሱ አገር ፍሬና አትክልት በቢላ ጫፍ አበባ እየሆነ ለንጉሥና ለክቡር እንግዳ ይቀርባል አልከኝ። እኔም «እነሱ ጠግበው ነው» አልኩህ። አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ምላሴ ግን ያን ጊዜም ይኸው ነበር።

አገር ቤት ስትመለስ ቀጥቃጩን ከተሰበረ መጋዝ ያቺን ቀጭን ቢላ አሠራኸው። በአውራጃው ገዢ ቤት ወጥ ቤት ሆነህ በተቀጠርክ ጊዜም ግብር በተበላ ቁጥር ካሮቱን፣ ቀይ ሥሩን፣ ከዓባይ በረሃ የሚመጣውን ፓፓያ አበባ እያደረግህ ታቀርብ ነበር። መኳንንቱ ያደንቁሃል። እኔ እቤት ቁጭ ብዬ «በእህል አይቀለድም» እልሃለሁ። እውነቴንም ነበር፤ እናቴ መሬት የወደቀች ባቄላ እንኳ ሳትስም የማታነሣ ሴት ነበረች።

ከዚያ የሺ ተወለደች። ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ፣ ክርስትናዋ ሊደርስ፣ አንተ ሁለት ቀን ሙሉ ጓሮ ተቀምጠህ አንድ ትልቅ ዱባ ስትቀርጽ ሰነበትክ። ለምን እንደሆነ አልነገርከኝም። እርጥብ ጨርቅ አልብሰህ ጓዳ አስቀምጠህ ወጣህ። በማግስቱ ዓርብ ነበር፤ ለድግሱ ሊያግዙ የመጡ ሴቶች ቤቱን ሞልተውታል፣ ጾም ነው፣ ጓዳ ስገባ ዱባ አለ። የመጫወቻህ መሰለኝ፤ እንደ ወትሮው እጅህን ልታፍታታበት የያዝከው። ከተፍኩት። ወጥ አደረግኩት።

ስትመጣ ወጡን አቀረብኩልህ። ሳህኑን አየኸው፣ ጓዳውን ዘወር ብለህ አየኸው፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ በላህ። ለየሺ ክርስትና የተሠራ እንደነበር ከሴቶቹ አንዷ ሹክ ያለችኝ ያን ጊዜ ነው። «ጌጡ፣ እንዴት ነው?» አልኩህ። «ጣፍጧል፤ ጨው ብቻ ያንሰዋል» አልክ። በቃ። አልጮኽክም፣ አልሰደብከኝም። በሳምንቱ አንድ ቅል ይዘህ መጣህ፤ ዙሪያውን ያንኑ አበባ ቀርጸህበታል። «ይኸኛው አይቀቀልም፤ ጨው አድርጊበት» ብለህ ሰጠኸኝ። የሺንም አቅፈህ «ለክርስትናሽ ያመለጠሽ ለሠርግሽ ይደርስሻል» አልካት።

ያቺ «ጨው ብቻ ያንሰዋል» ስንት ዓመት እንዳናደደችኝ ብታውቅ! ስድብ ናት እንዳልል ፈገግ ብለህ ነበር፤ ቀልድ ናት እንዳልል ዓይንህ አልሳቀም። እየቆየሁ «ያን ቀን ምን ማለትህ ነበር?» ብዬ ስጠይቅህ «ወጡ ነዋ» ትለኛለህ። አንተ ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ብትቆጣኝ ምን ነበረበት? ተጣልተን፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ታርቀን አናርፍም ነበር?

አብዮቱ ሲመጣ ግብሩም ገዢውም ቀረ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር «ሕዝብ እየተራበ አትክልት መቅረጽ የፊውዳል ጌጥ ነው» ብሎ በስብሰባ መካከል አስነሥቶ ገሠጸህ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ነበር፤ ላንተ ማዘን ሲገባኝ «ይኸው፣ እኔ ስለው ሰምቶ ቢሆን» እያልኩ አጉረመረምኩ። በዓመቱ ያው ሊቀመንበር ለአብዮት በዓል መዶሻና ማጭድ በዱባ ላይ ቅረጽልን ብሎ መጣ። ቀረጽክለት፤ ዙሪያውን ግን አበባ አበዛህበት። አበባው ማጭዱን ሸፍኖታል ብሎ ሲቆጣህ አበባውን አንድ በአንድ ስትነቅል ዋልክ። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘንኩልህ። ግን አልነገርኩህም፤ እኔም ያንተው ሚስት አይደለሁ?

ከዚያ ሳንባህ ታመመ። ሊደክምህ በጀመረ ሰሞን «አንድ ዱባ አምጪልኝ፤ አጠገቤም ተቀመጪ» አልከኝ። «ትንፋሽህን ሰብስብ፣ አሁን የዱባ ጊዜ ነው?» ብዬ ተቆጣሁህ። ልታሳየኝ ነበር። አሁን ሳስበው ለሠርጉ እንደማትደርስ አውቀህ ሥራውን በእጄ ልታስይዘኝ ነበር። ታዲያ እንደዚያ ብለህ አትናገርም? «አትጠገብ፣ ልሞት ነው፣ ተማሪ» ብትለኝ እምቢ እልህ ነበር? ሁልጊዜ ነገሩን ሸፍነህ አስቀምጠህ ሰው እንዲያውቀው ትጠብቃለህ። እንደ ዱባህ።

ቀኑ ለጥር ተቆረጠ። የሺ ስለ ዱባው ምንም አላለችም፤ አለማለቷ ነው የቆረጠኝ። ኅዳር ሲጋመስ፣ የነቢያት ጾም ሲገባ፣ በርጩማህን አወጣሁና ተቀመጥኩ። ቢላውን እንደ እስክሪብቶ ትይዘው እንደነበር አስታውሳለሁ። እስክሪብቶ መያዝ ግን እኔ ራሴ በአርባ ዓመቴ ነው የተማርኩት፤ «ሀ» ስጽፍ የዶሮ ጭረት ነው ብለህ እንዴት እንደሳቅህብኝ! የመጀመሪያው ዱባ እንደዚያው ነበር። ሁለተኛው ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ላይ ጣቴን ቆረጥኩ። በአራተኛው ቅጠሉን በደንብ ቆረጥኩ፤ ግን ቅጠል ሆኖ ብድግ አይልም፣ ዱባው ላይ የተጫረ መስመር ሆኖ ይቀራል። ቢላህን ወርውሬ ስሜን እስክረሳ ሰደብኩህ። ያበላሸሁትን ሁሉ ወጥ ስለማደርገው ጾሙን በሙሉ ዱባ በላሁ። ጎረቤቶቼ «አትጠገብ ምን ተስላ ነው?» ይሉ ጀመር።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከቅልህ ነው። ጨው ላወጣ እጄን ስሰድ ጣቴ ጀርባው ላይ አረፈ። ስንት ዓመት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ጨው ሳወጣበት አንድ ቀን አገላብጬ አላየሁትም ነበር። ጨዉን ገልብጬ ፀሐይ ላይ ወሰድኩትና በጣቴ እየዳበስኩ አየሁት። ለካ አንተ ቅጠሉን ቆርጠህ አትተወውም፤ ከቅጠሉ ጀርባ ያለውን ፈልቅቀህ ታወጣለህ። ጀርባው ሲጎድል ነው ቅጠሉ ወደ ፊት የሚወጣው። ይህን በአንድ ቃል ልትነግረኝ ትችል ነበር። ለዚህ አራት ዱባ ፈጀሁ!

የመጨረሻውን ጥር ላይ፣ ሠርጉ በገባበት ሳምንት፣ ረቡዕና ሐሙስ ቀረጽኩት። እንደ ያንተ አይደለም፤ ግን አበባ ነበር ጌጡዬ። መካከሉ ላይ ትንሽ ክብ፣ ዙሪያዋን ቅጠል፣ በቅጠሉ መካከል ሌላ ቅጠል፣ ከአረንጓዴው ልጣጭ ሥር ቢጫው ፈክቶ። ድግሱ ሞጣ፣ በሙሽራው ወላጆች ቤት ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ሙት ዓመትም ሠርግም መደገስ አትችልም ብለው እነሱ ናቸው ደግ ሆነው ያሰቡልኝ።

አሁን ደግሞ የመሄጃ ወረቀት። የቀበሌው ጸሐፊ «ምን ዕቃ ይይዛሉ?» አለኝ። ዱባ አልኩ። «ስንት?» አንድ። «አንድ ዱባ ተይዞ ሞጣ ይኬዳል? ሞጣ ዱባ ጠፋ?» የተቀረጸ ነው፣ ለጌጥ ነው ብዬ ባስረዳው እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝና «ዱባ አንድ፣ ለግል ፍጆታ» ብሎ ጻፈ። የሚበላ አይደለም ብዬ ተከራከርኩት። «ዱባ ነዋ!» አለኝ። ማኅተሙን መታ።

ዓርብ በጠዋት አንድ የጭነት መኪና ጋቢና ለምኜ ገባሁ፤ ቅርጫቱን እንደ አራስ ልጅ ጭኔ ላይ ታቅፌ፣ ጨርቁ በደረቀ ቁጥር ውኃ እየረጨሁ። ሾፌሩ ልብሴን አይቶ «እናቴ፣ ልጁ ሸናብዎት?» ብሎ ሲቀልድብኝ ሄደ። ኬላ ላይ አስቆሙን። ፈታሹ ጨርቁን ገለጠና ፊቱ ተለዋወጠ። «ሰው ሥራ ፈቶ እንደዚህ አያደርግም፤ ውስጡ የኮንትሮባንድ ቡና አለ» አለ። ሊሰነጥቀው ካራውን አወጣ! እኔ እንደሆንኩ ታውቀኛለህ፤ ቅርጫቱን ደረቴ ላይ ለጥፌ «መጀመሪያ እኔን ሰንጥቅ» ብዬ ጮኽኩ። ግርግሩን ሰምተው ጓደኞቹ መጡ፤ አንደኛው ዱባውን በሁለት እጁ መዝኖ «ቡና ቢኖርበት ይቀል ነበር» ብሎ ገላገለኝ። ከዚያ ሁሉም ልይ ልይ ሲሉ አንዷን ቅጠል ሰበሩብኝ። ይሁን ብዬ ዋጥኩት።

ሞጣ ስደርስ ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። የልጁ እናት ወይዘሮ ጥሩወርቅ እጇ እስከ ክንዷ ሊጥ ነክቶት ሮጣ መጥታ ሳመችኝ። ቅርጫቱን ሰጠኋትና «ይህ የየሺ ነው፤ ጓዳ ይቀመጥልኝ» አልኳት። ይኸው ነው ያልኩት። የበለጠ ለማውራት አፈርኩ። እሑድ ድንኳኑ ውስጥ ሲወጣ ሰው ራሱ ይየው አልኩ። ከዚያ የሺን ላያት ወደተከራየችው ቤት ሄድኩ።

በምሳ ሰዓት ተመለስኩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ክብር አድርጋ ለብቻዬ መሶብ አቀረበችልኝ፤ ወጡን በራሷ እጅ አወጣችልኝ። ዱባ ወጥ ነበር።

ቅጠሎቹ ገና አልሟሙም ነበር። አንዷ እንጀራው ላይ ጫፏ ቀና ብሎ ተኝታለች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደግሞ አጠገቤ ቆማ «ያመጡልን ዱባ እንዴት ያለ ፍሬ ነው! አይጥ ዙሪያውን ቀምሶት አግኝተነው፣ ደግነቱ ወደ ውስጥ አልዘለቀም፤ እንዳይበላሽብን ቶሎ ደረስንበት» ትለኛለች። አይጥ! ጾሙን ሙሉ ጣቴን የቆራረጥኩበትን፣ ከኬላ ካራ በደረቴ ያዳንኩትን፣ አይጥ! እዚያ የቆሙትን ሴቶች አየኋቸው። ከጠዋት ጀምሮ ለልጄ ድግስ ወገባቸው የተቆረጠ ሴቶች ናቸው። ዓርብ ነው፣ ጾም ነው፣ ጓዳ ሲገቡ ዱባ አለ።

በላሁ። ቅጠሏን ጠቅልዬ ጎረስኳት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ዓይን ዓይኔን እያየች «እንዴት ነው፣ ተስማማዎት?» አለች።

«ጣፍጧል፤ ጨው ብቻ ያንሰዋል» አልኩ።

እኔ ልለው አልነበረም። አፌ ላይ የመጣው ሌላ ነበር፤ እሱ እንዳይወጣ ያገኘሁትን ጣልኩ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጨው ልታመጣ ሮጠች፣ እኔ እንጀራውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ በሰው ቤት፣ በሰው መሶብ ላይ፣ አገኘሁህ። እና ያን ጊዜ ነው ከሁሉም የባሰ የተናደድኩብህ፤ ምክንያቱም በሕይወት ብትኖር ቢቸና ተመልሼ ማታውኑ እነግርህ ነበር።

የሺ መጥታ «እማዬ፣ ዱባውስ?» አለች። ለካ አውቃለች፤ ጎረቤት ጽፎላታል። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነገሩ ሲገባት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች፤ ላባብላት ደግሞ እኔው ነኝ። ከዚያ ተነሥታ የሞጣን ቤት ሁሉ አንኳኩታ ከሆነ ቦታ አንድ ዱባ ተሸክማ መጣች። ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ቀረጽኩ። ግን እጄ ደክሟል፣ ያመረቀዘችው ጣቴም ቢላ አልይዝ አለች፤ ግማሹን ብቻ ነው የጨረስኩት። ፊቱ አበባ፣ ጀርባው ዱባ። የልጁ አባት መሪጌታው መጥተው አዩትና ጀርባውን ወደ ግድግዳ አዙረው አስቀመጡት። ወይዘሮ ጥሩወርቅም ሌሊቱን ጓዳው በር ላይ አልጋ አንጥፋ ተኛች፤ ከወጥ ሠሪዎቹ ልትጠብቀው።

እሑድ በሙሽሮቹ ፊት ቆመ። ሰው አደነቀ። ማንም ጀርባውን አላየም። የሺ ግን ያንተ ልጅ ናት፤ በሙሽራ ልብሷ ተነሥታ ዞራ አየችው። ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ጆሮዬ ላይ «አባባ ቢሆን ጀርባውንም ይጨርሰው ነበር» አለችኝ። ሌላ ሰው ቢለኝ እሰድበው ነበር። እውነቷን ነው ግን። እኔስ ሌላ ምን እያልኩህ ነው?

ቢቸና ከተመለስኩ ሳምንቴ ነው። ቁስሌ እየደረቀ ነው። ቅልህን እንደገና ጨው ሞልቼበታለሁ፤ አሁን ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አላዞረውም። ልረሳህ ብል እንኳ ምግብ ያለ ጨው አይሠራ፣ አንተን ሳልነካ የማበስልበት ቀን የለም። ሙት ዓመትህ በመጣ ቁጥር አንድ ዱባ እቀርጽልሃለሁ። ዘንድሮ ግማሽ ከሆነ፣ ለከርሞ ሦስት እጁን፣ ከዚያም ጀርባውን እስክጨርሰው። ቀን በርጩማህ ላይ ይውላል፤ በማግስቱ ከትፌ ወጥ አደርገዋለሁ፤ ጎረቤት ጠርቼ አበላለሁ። እንደሱ ነው የምናውቀው አንተና እኔ።

አንድ ነገር ብቻ። የክርስትናዋን ጊዜ ወጥ እኔ ነበርኩ የሠራሁት፤ ቀምሼዋለሁ። ጨው አላነሰውም ነበር ጌጡዬ።

ሚስትህ አትጠገብ
ቢቸና